የአባቴ ለስላሳ ጨርቅና የትርንጎ እጅ

ጡረታ ወጣሁ። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ሌላው ሰው ሠላሳ ዓመት አገልግሎ፣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ በሻይና በዳቦ ተሸኝቶ ነው የሚወጣው። እኔ ከሰባተኛ ክፍል እስከ ዐሥረኛ ክፍል፣ ከትምህርት መልስና በየክረምቱ፣ እዚሁ ወረታ በአንድ የግል ክሊኒክ የቁስል ክፍል ሠርቼ ወጣሁ። ያሰናበተኝ ደብዳቤ ነው፤ ከእንግዲህ የሙያ ወረቀት የሌለው ሰው ቁስል አይነካም የሚል። ልክ ነው። ደብዳቤውን ሳነብ ቅር አላለኝም፤ ከትከሻዬ ላይ ጆንያ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። እነዚያን ዓመታት በሙሉ ስፈራ ነበርና። አሁን ብዕር ይዣለሁ፤ ብዕር ደግሞ ቢጎተት አያደማም። የፈራሁትን ሁሉ ደስ እያለኝ ልጽፈው ነው።

አባቴ ሸማኔ ነው። ቤታችን ከገበያው ጀርባ ነው። አባቴ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲልክ ይውላል፤ እናቴ ትፈትላለች። እኔ ከፊደል በፊት ፈትል ነው የለየሁት። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ዳስሼ፣ ይህ የእማዬ ነው፣ ይህ የጎረቤት ነው እላለሁ፤ ተሳስቼ አላውቅም።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ጣቱን ተቆርጦ ክሊኒክ አብሬው ሄድሁ። ሲስተር ወይንሸት ጎዝ የሚሉትን ስስ የቁስል ጨርቅ እየቆረጠች ነበር። ጠርዙ እየተተረተረ ክሩ ጠረጴዛው ላይ ይበተናል። ዝም ማለት አቃተኝ።

«ሲስተር፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አያጥፉትም? ክሩ ቁስሉ ውስጥ ይቀራል እኮ» አልሁ።

አባቴ በደህነኛው እጁ ጎሸም አደረገኝ። ሲስተር ግን መቀሷን አስቀመጠች። «ነይ እጠፊው እስቲ» አለች። አጠፍሁት። አንዱን ገልብጣ አየች፤ ሁለተኛውን ገልብጣ አየች። «ከነገ ጀምሮ ነይ። ግን እርስዎ አትበይኝ፤ ገና አላረጀሁም።»

እንዲህ ነው የተቀጠርሁት። ደመወዜ ደብተርና ጫማ ይገዛ ነበር፤ ከዚያ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

ሲስተር ወይንሸት የአዲስ አበባ ልጅ ናት። መንግሥት መድቧት መጥታ፣ ወረታን ወድዳ የቀረች። ስለ እሷ ልማዶች ብቻ አንድ ደብተር መሙላት እችላለሁ። ወደ ቁስል ክፍል ስትገባ ቀለበቷን ታወልቅና ኮቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ ትሰካዋለች። የደረቀ መሸፈኛ ጎትታ አታውቅም። ለብ ባለ የጨው ውኃ ታርሰውና እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። እየጠበቀችም ሰውየውን ስለ ሩዙ ትጠይቀዋለች፤ ችግኙ ስንት ቅጠል አወጣ፣ አረሙስ፣ ውኃውስ አልበዛም? ሰውየው ስለ ሩዙ ሲያማርር ጨርቁ ቀስ ብሎ ይለቃል። ያን ጊዜ ከጠርዙ ይዛ፣ ወደ ላይ ሳይሆን በቆዳው ላይ አስተኝታ፣ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ብርድ ልብስ ከተኛ ሕፃን ላይ እንደሚገፈፈው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ የምታደርገው ነው። ቁስሉን ሳታይ በፊት የወጣውን ጨርቅ ገልብጣ፣ መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ታነበዋለች።

«በሽተኛው ይዋሻል፤ ቁስሉም አንዳንዴ ይዋሻል። ጨርቁ ግን አይዋሽም» ትል ነበር። ቢጫው ምን ማለት እንደሆነ፣ አረንጓዴው ምን ማለት እንደሆነ አስተማረችኝ። አንድ ቀን በጨርቁ ውስጠኛ ፊት ላይ የተደረደሩ ቀያይ ነጠብጣቦች አሳየችኝ። በድርና በማጉ መካከል ባሉት ቀዳዳዎች ልክ፣ ረድፍ ረድፍ ይዘው ተቀምጠዋል። «ጥለት ይመስላል፣ ሲያምር!» አልሁ። ሲስተር አልሳቀችም። «አዲስ ሥጋ ነው። ጨርቁ የተቀባው ቫዝሊን ሳስቶ ኖሮ ሥጋው ወጥቶበታል» አለች። እኔም ያልገባኝን እንደገባኝ አድርጌ ራሴን ነቀነቅሁ። ዛሬ ከምቆጭባቸው ነገሮች አንዱ ያ መነቅነቅ ነው።

ሁለት ፍርሃት ነበረብኝ። አንዱ ድምፅ ነው። ጨርቅ ከቁስል ሲለቅ የሚሰማው ትንሽ ድምፅ፣ እርጥብ ወረቀት ሲቀደድ ያለ። ሌላ ሰው አይሰማውም ይሆናል፤ እኔ ግን እራት ስበላ እንኳ ይሰማኝ ነበር።

ሁለተኛው የገዛ ዓይኔ ነው። አገራችን የእጅ ሙያተኛን ይጠረጥራል። ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፤ ሥራችንን ይለብሰዋል፣ ይበላበታል፣ ያርስበታል፤ ዓይናችንን ግን ይፈራል። በሠራሁ በሁለተኛው ወር እግራቸውን ላም የረገጠቻቸው አንዲት እናት መጡ። ሳህኑን ይዤ ስገባ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ይችማ የሸማኔው ልጅ አይደለችም? ቁስሌን አታሳዩብኝ!»

«እማማ» አለች ሲስተር፣ «የለበሱት ነጠላ የማን ሥራ ነው? ታዲያ አውልቄ ልጣለው?»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ጨምድደው ያዙ። «እሱማ ታጥቧል!»

ያን ቀን ሲስተር እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን በመስታወት ዓይኔን አየሁት። እውነት ቢሆንስ? ሰው ሁሉ ተባብሮ ይዋሻል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁስልን አፍጥጬ አላየሁም። በጎን፣ ቶሎ፣ እንደ ሰረቀ ሰው ነበር የማየው።

እንዲህ እየሠራሁ ሦስት ዓመት ሞላኝ። ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሼ በነበረበት ክረምት ትርንጎ ተቃጠለች።

ትርንጎ የክፍሌ ልጅ ናት። አገሯ ከርብ ወንዝ ወዲያ፣ ሜዳው ላይ ነው። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ተማሪዎች ወረታ ቤት ተከራይታ፣ ከቤቷ ሩዝና ሽሮ እያመጣች፣ ራሷ እያበሰለች ትማር ነበር። ክረምቱን ያልሄደችው ለዐሥረኛ ክፍል ፈተና የክረምት ትምህርት ስለነበር ነው። የእጅ ጽሑፏ ከማማሩ የተነሣ መምህራን ማስታወሻ ሰሌዳ ላይ የሚያጽፉት እሷን ነበር። ነሐሴ እንደገባ የላምባ ምድጃው ቦግ ብሎ ቀኝ እጇን ከአንጓው እስከ ጣቶቿ በላው። መዳፏ ተረፈ፤ ጀርባው ግን ተላጠ።

እኛ ክሊኒክ ተኛች፤ በሦስተኛው ቀን አባቷ አያ ደሴ መጡ። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርቋል። ዱላቸውን በር ላይ አቁመው ገቡ።

«ሲስተር፣ እውነቱን ንገሩኝ። ይህ እጅ ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

«ይሠራል ብዬ ነው የማክማት። ግን አልምልልዎትም።»

«እንግዲያው እኔ ልናገር። ከሠራ ትማር፤ አልከለክልም። ካልሠራ ግን በአንድ እጅ ከተማ ለከተማ ምን ትሠራለች? አገሯ ትግባ። የጠየቃት ሰው አለ። እጇን አይቶ ሳይሸሽ ልስጣት።»

«አባዬ!» አለች ትርንጎ።

«ምን አባዬ ትይኛለሽ? እስከ ምዝገባው ነው። መስከረም መጥቼ አያለሁ።»

ሲወጡ ትርንጎ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ስንዱዬ፣ አንች ብቻ አድኝኝ» አለችኝ። እኔ፣ ጨርቅ አጣፊዋ! ግን ሰማኋት። አጥንቴ ድረስ ሰማኋት።

ለመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ደህና ነበር። ቁስሉ ጠራ፤ ከጠርዙ ቀላ ያለ አዲስ ሥጋ መጣ። ጎዙና መድኃኒቱ ሲያልቅ ሲስተር ልትገዛ ባሕር ዳር ሄደች። «ሁለት ቀን ነው። እስከዚያ ያለውን አብቃቂ» ብላኝ ነበር።

በሄደች ማግስት ርብም ጉማራም፣ ሁለቱም ወንዞቻችን፣ ሞሉ።

የፎገራ ሜዳችንን ውኃ ያላየ ሰው ጎርፍ ሲባል የሚጮኽ ነገር ይመስለዋል። የኛ አይጮኽም። ጠዋት ስትነሡ ሜዳው የለም። ሩዙ የለም፣ ማሳው የለም፣ በቦታው ሰማይ ተኝቷል። የዛፍ ጫፍና የቤት ክዳን ብቻ ነው የሚታየው። የባሕር ዳሩ መንገድ ጉማራ ላይ ተዘጋ። የደብረ ታቦሩ ገና እየተሠራ ስለነበር በጭቃ ተያዘ። ስልኩም ተቋረጠ። ከሜዳው የወጣው ሰው ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሰፈረ፤ የታመመው ደግሞ እኛ ጋ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ሰው ሳይረግጡ ማለፍ አይቻልም ነበር።

ክሊኒኩን የያዙት ባለቤቱ ብቻ ናቸው። ጤና መኮንን ናቸው፤ ሰው ሁሉ ዶክተር ይላቸዋል፤ እሳቸውም አይከራከሩም። ለሁለት ቀን የተኙ አይመስለኝም። ጎዙ ማለቁን ስነግራቸው ለአንድ ሕፃን ግሉኮስ እየሰኩ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«ንጹሕ ጨርቅ ፈልጊ። በደንብ ቀቅይ። ቫዝሊኑን እንዳትረሽ። ልጅቱን አንች አድርጊላት፤ እጅሽ ጥሩ ነው።»

እጅሽ ጥሩ ነው! በጭቃው ላይ እየበረርሁ ቤት ሄድሁ። አባቴ ለአንዲት አራስ መታቀፊያ የሠራው ጨርቅ ነበር። ማጉ ሳይከርር እንዲሁ ለቀቅ ተደርጎ የተፈተለ፣ ጠጉሩ ብን ያለ፤ አባቴ እንዲህ ያለውን ጨርቅ ጉንጩ ላይ አድርጎ ነው የሚፈትነው። በእድሜዬ ከነካሁት ሁሉ እንደ እሱ ለስላሳ ነገር የለም። ለምኜ ወሰድሁት። ቆረጥሁት፣ ጠርዙን አጠፍሁት፣ የክሊኒኩ እንፋሎት ማምከኛ ውስጥ ከተትሁት።

ቫዝሊኑ ከጣሳው ሥር ትንሽ ቀርቶ ነበር። ጣሳውን ይዤ አሰብሁ። ቫዝሊን ለምንድን ነው? ጎዝ ሻካራ ስለሆነ ነው። ይህን የመሰለ ጨርቅ በቅባት ማጨማለቅ ምን ይባላል? ጣሳውን ዘጋሁት። የሸማኔ ልጅ ያልሆነ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም፤ ከጨርቅ ጋር እንዲህ አይዋደድማ! ደግሞም አራት ጣቶቿን ለየብቻ ሳልጠቀልል፣ ይሟሟቁ ብዬ አንድ ላይ አቀፍኋቸው፤ እንደ አራስ ልጅ።

«ውይ ስንዱዬ» አለች ትርንጎ፣ «ደመና የጨበጥሁ መሰለኝ።»

በማግስቱ ዶክተር በኮሪደሩ ሲያልፉ «ቫዝሊን አድርገሻል?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ጨርቁን በየሁለት ቀኑ መፍታት ነበረብኝ። ትርንጎ ግን አያምም ትላለች፤ እኔም ነገ እላለሁ። ለመክፈት የፈራሁ መሆኔን ለራሴ እንኳ አልነገርሁም። አምስት ቀን አለፈ።

በአምስተኛው ቀን ከፈትሁት።

የጨው ውኃ አፈሰስሁ። ጠበቅሁ። እንደ ሲስተር ስለ ሩዝ እንዳልጠይቃት ሩዛቸው ውኃ ውስጥ ነው። ጠርዙን ሳነሣ አልለቀቀም። እንደገና አራስሁ፤ እንደገና ጠበቅሁ። ውጪ ሕፃን ያለቅሳል።

«ቶሎ በይ» አለች ትርንጎ። «ክንዴ ደከመኝ።»

ያዝሁና ወደ ኋላ መለስሁት። ያ ድምፅ መጣ። ትንሹ ድምፅ ሳይሆን ረዥሙ። ጨርቁ ብቻውን አልመጣም፤ የሳምንቱ አዲስ ሥጋ አብሮት መጣ። ጠጉሩ ሁሉ ቀይ ነው። የእጇ ጀርባ ላይ ደም እንደ ላብ ቸፈፍ አለ። ቀለበት የሚደረግበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ ከሥራቸው በስስ አዲስ ቆዳ ተጣብቀዋል። ትርንጎ ጮኸች። ኮሪደሩ በሙሉ ጸጥ አለ፤ የሚያለቅሰው ሕፃን እንኳ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የአንዲት ሴት ድምፅ ሰማሁ፦

«ማናት ውስጥ ያለችው? የሸማኔው ልጅ ናት?»

ሮጬ ወጣሁ። ከክሊኒኩ ግቢ ጀርባ ውኃው አጥሩ ሥር ደርሷል። ቆምሁና አየሁት፤ ውኃው ውስጥ ፊቴ አለ፣ ፊቴ ላይ ዓይኔ አለ። ለካ ሰዎቹ አልዋሹም፣ አልሁ። አምስት ቀን በጎን በጎን ሲያያት የነበረው ዓይኔ በላት። አያ ደሴ በዱላቸው ቢገድሉኝ አይፈረድባቸውም አልሁ።

«ስንዱ!» ዶክተር ናቸው፤ የትርንጎን ደም አቁመው፣ ያን ጨርቅ በመቆንጠጫ ይዘው መስኮት ላይ ቆመዋል። «ግቢ። ይህን አንብቢው።»

«ቫዝሊን አላደረግሁም» አልሁ ገና ሳልገባ። «ዋሽቼዎት ነው።»

«እሱን ለብቻው እንነጋገርበታለን፤ አይቀርልሽም። አሁን አንብቢ። ምን ይታይሻል?»

«ሥጋ።»

«የት?»

«ክሩ ውስጥ... በጠጉሩ መካከል።»

«ማን አስገባው?»

አልቻልሁም፤ አለቀስሁ። «ዓይኔ ነው፣ ዶክተር። ሰው እንደሚለው ነው።»

ዶክተር ጨርቁን ወደ አፍንጫዬ አስጠጉት። «ዓይንሽ ድርና ማግ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ቁጭ በይ።»

ያን ሁሉ በሽተኛ አስቀምጠው አስረዱኝ። ሥጋ የሚሠራው ዓይን በማያያቸው ሕዋሳት ነው አሉኝ፤ ዕውር ናቸው፤ የተቀመጡበትን በመዳሰስ ነው የሚያውቁት። ጠንካራ ነገር ሲያገኙ ይዘረጋሉ፣ ይይዛሉ፣ ይጎትታሉ። ልል ነገር ላይ ድቡልቡል ይሉና ይቀመጣሉ። ቀዳዳው ከጠበበ መግባት አይችሉም፤ በጣም ከሰፋ ድልድይ መሥራት ያቅታቸዋል፤ ልካቸው ከሆነ ግን ይሞሉታል። የጨርቅ ጠጉር ካገኙማ ይወጡበታል።

«ፎቅ ሲሠራ በባሕር ዛፍ የሚያቆሙትን ፖንቴ አይተሻል አይደል? ግንበኛው የሚንጠላጠልበት?»

«አይቻለሁ።»

«ኮሌጅ ሳለሁ አንድ መምህራችን ሲያስተምረን፣ ውጭ አገር ሆን ብለው ለሥጋ ፖንቴ ይሠሩለታል አለን። ሕዋሳቱ ይወጡበትና አዲስ ሥጋ ይገነባሉ። ፖንቴው ደግሞ ከሚሟሟ ነገር ነው፤ ሥጋው ሲቆም እሱ ቀልጦ ያልቃል። ቶሎ ከቀለጠ ግድግዳው ይወድቃል። ካልቀለጠ ውስጡ ይቀራል። የአባትሽ ጥጥ ይቀልጣል?»

«አይቀልጥም።»

«በይ እንግዲህ። አንች ሳታውቂ ምርጥ ፖንቴ ሠራሽ፤ ሥጋዋም ደስ ብሎት ወጣበት። ፖንቴውን ስትነቅዪው ግድግዳው አብሮሽ ወረደ። ዓይን አይደለም፤ ጠጉር ነው።»

ፍርሃቴ አልጠፋም። ግን ቦታ ቀየረ። እስከዚያ ቀን የምፈራው ልቀይረው የማልችለውን ነገር ነበር። ከዚያ ወዲያ የምፈራው ልቀይረው የምችለውን ሆነ፤ ይህ ደግሞ እንቅልፍ አይሰጥም።

ቤት ሄድሁ። «አባዬ፣ ለስላሳ አይደለም የምፈልገው።»

«ለታመመ ሰው ሻካራ ልሸምን? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሻካራ አላልሁም። ጠጉር የሌለው። ክሩ ክርር ያለ፣ ድሩም ማጉም የተጠጋጋ፣ ጣት ሲሄድበት የሚንሸራተት። የሚይዘው ነገር እንዳያገኝ።»

«ማን እንዳያገኝ?»

«ሥጋ።»

አባቴ እናቴን አያት፤ እናቴ እንዝርቷን አነሣች። ፈትሉ እስኪጠማዘዝ ድረስ አከረረችው። አባቴ ሸመነው፤ ከዚያም በነበልባል ላይ ፈጠን አድርጎ አሳልፎ ጠጉሩን ለበለበው። ጉንጩ ላይ አድርጎ ፊቱን አጨማደደ። «ይህን ሸጬ አላውቅም፤ አልሸጥምም» አለ። ለእኔ ግን ወርቅ ነበር። በጣት በጣት ልክ ቆረጥሁት፤ የቀረችውን ቫዝሊን አቅልጬ ነከርሁት፤ አመከንሁት። ዶክተር የተጣበቁትን ጣቶች አላቀቁ። ትርንጎ ጥርሷን ነክሳ፣ እኔን እያየች ቻለች። እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ ጠቀለልሁ፤ መዳፏን ዝርግ ጣውላ ላይ አሰርን።

«ደመናሽን ግን ይዘሽ ሂጅ» አለችኝ። ለስድስት ቀን ከዚህ ሌላ ቃል አላናገረችኝም።

ሲስተር ወይንሸት በሄደች በዐሥራ ሁለተኛው ቀን በጭነት መኪና ተጭና፣ ጎዝ በካርቶን አቅፋ ገባች። ቀለበቷን አወለቀች። የትርንጎን ጨርቅ አርሳ፣ ጠብቃ፣ ከጠርዙ መለሰችው። ድምፅ የለም። ገልብጣ መስኮት ጋ ሄደች። አንድም ቀይ ነጠብጣብ አልነበረውም። «ይህን ማን ሠራው?» አለች።

«አባዬ። የመጀመሪያውንም የሠራው እሱ ነው» አልሁና ሁሉንም ተናገርሁ። ታቅፈኛለች ብዬ ነበር። አላቀፈችኝም።

«ልስላሴውን የጠየቅሽው የራስሽን ጣት ነው። የእሷን ቁስል አልጠየቅሽም» አለች። «ይሄ ስሕተት ነው፤ እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ራስሽን የነቀነቅሽው ግን ስሕተት አይደለም፤ ውሸት ነው። ዶክተር ያን ቀን እውነቱን ቢያውቁ፣ በማግስቱ ይከፍቱት ነበር።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት እንደኖርሁ አላውቅም። በየሁለት ቀኑ መፍታት፣ ማንበብ፣ መጠቅለል። ቁስሉ ሲዘጋ ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣ፤ አዲሱ ቆዳ ይኮማተራል፣ ጣትን ወደ ኋላ ይስባል። ትርንጎ ጣቶቿን እንድታጥፍ ሲስተር በየሰዓቱ ታዛት ጀመር። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ የራሴን እያጠፍሁ እቆጥራለሁ።

«እንደ አንች ያለ ጓደኛ ይዤ ጠላት ለምኔ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ላቡ በግንባሯ እየወረደ። ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልሁም፤ ትንሿ ጣቷ እንደቆመች ነበር፤ አትታጠፍም።

ትምህርት ቤቱ ተፈናቃዩ ወጥቶ እስኪጸዳ ምዝገባው ዘገየ። አያ ደሴ የመጡት በመጨረሻው ቀን ነው። ከስተዋል። ሩዛቸውን ውኃ ወስዶታል፤ ሁለት ላምም ሞቶባቸዋል። እንዲህ የተጎዳ ሰው ለልጅ ትምህርት ምን አቅም ይኖረዋል ብዬ ልቤ ወረደ። ትርንጎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጇን ነጠላዋ ሥር ደብቃለች።

ሲስተር እኔን አየችኝ። መናገር እንዳለብኝ አወቅሁ።

«አያ ደሴ፣ ሳልነግርዎት እጇን እንዳያዩ። ድና ነበር፤ ወደ ኋላ የመለስሁት እኔ ነኝ። የማይሆን ጨርቅ አደረግሁባት፤ ከሥጋዋ ጋር ተያያዘ።»

«የሸማኔው ልጅ አንች ነሽ?»

«አዎ።»

«እዚያ ተፈናቃይ የሰፈረበት ካምፕ ውስጥ ዓይን በላት ሲሉኝ ነበር የሰነበቱት።» ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ዱላውን ብቻ ነበር የማየው። «ዓይን ነው?»

«አይደለም። ጨርቅ ነው።»

ዱላቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ።

«ጨርቅማ ይቀየራል» አሉ።

«ተቀይሯል።»

ወደ ልጃቸው ዞሩና አውራ ጣታቸውን ዘረጉላት። የገበሬ አውራ ጣት፤ ወፍራም፣ የተሰነጣጠቀ። «በይ ያዥው።»

ትርንጎ እጇን አወጣች። ጀርባው አብለጭላጭ፣ ሐምራዊ፣ የሌላ ሰው እጅ የሚመስል። ሦስቱ ጣቶች ታጠፉ። አራተኛዋ እየተንቀጠቀጠች ተከተለቻቸው። ትንሿ ቀረች፤ እንደቆመች ቀረች። አያ ደሴ ትንሿን ጣት አዩ።

«አጥብቂ» አሉ።

«አጠበቅሁ።»

«ይህ ነው ማጥበቅ? ዝንብ ነው የያዘኝ? አጥብቂ!»

ትርንጎ ጥርሷን ነከሰች። የአንገቷ ሥር ተገተረ። የአያ ደሴ ፊት መጀመሪያ አልተለወጠም። ከዚያ ቅንድባቸው ተነሣ፤ ከዚያ አፋቸው ተከፈተ።

«ኧረ በቃ! ኧረ ልቀቂኝ፣ ሰበርሽኝ እኮ!»

ለቀቀችው። አውራ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው አሹት፤ ማንንም ሳያዩ ወጡ። እኛ ሦስታችን ተያየን። የዱላቸው ድምፅ በኮሪደሩ ራቀ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ሲስተር!» ሲሉ ሰማናቸው፣ ሕመምተኛው ሁሉ እስኪዞር ጮኸው። «ይህ ምዝገባ የምትሉት ነገር በየት በኩል ነው?»

ትርንጎ ጫማዋን አንዱን እግሯን ብቻ አጥልቃ፣ ሌላውን በዚያው በቀኝ እጇ አንጠልጥላ ሮጠች። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አልሁ።